ከምንጣፉ አልለቅም ያለው ዝገት

ተረት አለኝ፤ መኪና ያለበት ተረት ነው። ቦታ ያላችሁ ተቀመጡ፣ የሌላችሁ ተጠጋጉ፣ እንሂድ።

በድሬዳዋ መላኩ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። በዚያ ሰሞን ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤት አልፈለገም፣ መሬት አልፈለገም። የመዳፍ ያህል ዝገት ከመኪና ምንጣፍ ላይ እንዲለቅለት ብቻ ፈለገ።

መኪናዋ የእሱ አይደለችም፤ የጎረቤቱ የጋሽ ተካልኝ ፔጆ ናት። ጋሽ ተካልኝ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ፔጆዋንም ከልጆቻቸው ለይተው አያዩአትም። ያም ሆኖ ማክሰኞ ከሰዓት የመላኩን ሚስት ጽጌን ምጥ ሲይዛት፣ መላኩ ደጃቸው ቆሞ ገና «ጋሽ ተካ...» ከማለቱ ቁልፉን እጁ ላይ አደረጉለት። «ጽጌ ቤቷ እስክትገባ አንተው ጋ ትቆይ» አሉት። ጽጌም በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ በዚያችው ፔጆ ቤቷ ገባች። ጋሽ ተካልኝም «እስከ እሑድ ጠዋት ያዛት» አሉት።

ዓርብ ዕለት መላኩ ከአማቱ ቤት የብረት የሕፃን አልጋ ሊያመጣ ሄደ። አልጋው ለዓመታት ጓዳ የተቀመጠ ነው። ለሕፃን ነው ብሎ አገላብጦ አጠበው፤ እግሮቹን ፈታታና ሳይደርቁ ከኋላ ወንበር ሥር ምንጣፉ ላይ አጋደማቸው። በማግስቱ ጠዋት ሲያነሳቸው ግራጫው ምንጣፍ ላይ ቀይ ቡናማ ዝገት ቁጭ ብሏል። ሰውዬው ንጹሕ አደርጋለሁ ብሎ ነው እንግዲህ ያበላሸው።

ነገሩ እንዲሁ የምንጣፍ ነገር ቢሆን ባልከፋ። ነገ እሑድ በዚህች ፔጆ የምትሄደው የጋሽ ተካልኝ ልጅ ፍቅርተ ናት፣ ሙሽራ ሆና። ቀሚሷ ነጭ ነው፣ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ዝገት ነጭ ጨርቅ ላይ ካረፈ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ልብስ ሰፊ ይወቀው። መላኩ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ ነጭ ቀሚስ ዝገት ነክቶት ይታየዋል። ለሚስቱ ለደረሱላት ሰው የልጃቸውን ቀሚስ አበላሽቶ ሊመልስላቸው ነው።

በሳሙና ፈተገው። ዝገቱ ከምንጣፉ አልለቅም አለ።

«በረኪና እንዳታስነካው» አለችው ጽጌ ከአልጋዋ ላይ ሆና። «በረኪና ሲያገኝ ይብስበታል። ሎሚና ጨው አድርግበትና ፀሐይ ይምታው። ልብስ ሰፊው አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ?»

ልብስ ሰፊው እሱ ነው፣ ግን ድንጋጤ ሙያ ያስረሳል። ጨው ቤት ውስጥ አለ፣ ፀሐይ በድሬዳዋ ሞልቷል፣ ሎሚ ግን በዚያ ሰሞን ከገበያ ጠፍቷል። መላኩ የፔጆዋን በሮች ቆለፈ፤ ሙሽራዋ እስክትገባባት ድረስ የማንም እግር አይረግጣትም ብሎ ለራሱ ማለ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ በእግሩ ወደ እትዬ ዘነቡ ግቢ ሄደ። ሎሚ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«ጽጌን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ» አሉት እትዬ ዘነቡ። «ሎሚውን የምትፈልገውን ያህል ውሰድ። ግን መጀመሪያ እሱን አስፈቅደው።» በአገጫቸው ወደ ዛፉ አመለከቱ። ከዛፉ ሥር አንድ ነጭ ፍየል ተጋድሞ ያመሰኳል። መላኩ አንድ እርምጃ ሲራመድ ፍየሉ ጆሮውን አቆመ። ሁለት ሲራመድ ቀንዱን ዝቅ አደረገ። ሦስተኛውን እርምጃ መላኩ ወደ ኋላ ተራመደው።

«ዱላ እንዳታሳየው፣ በጡጦ ነው ያሳደግኩት» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ገረባ አምጣለት። የጫት ትርፍራፊ ካሸተተ የማይሄድበት የለም።»

ዝገቱ ከምንጣፉ አልለቅም አለ፤ ሎሚው ከዛፉ አልወርድም አለ፤ ፍየሉ ከዛፉ ሥር አልነሳም አለ። መላኩም ገረባ ፍለጋ ከኒሟ ዛፍ ሥር ጫት ወደምትሸጠው ወደ ኢፍቱ ሄደ።

ኢፍቱ አንድ ጆንያ ሙሉ ገረባ ከአጠገቧ አስቀምጣለች። መላኩ ደስ ብሎት ወደ ጆንያው ሲያጎነብስ እጇን ጆንያው ላይ ጫነች።

«ይሄ የውሃ ሻጩ የሮባ አህያ ምሳ ነው» አለችው። «በየቀኑ ውሃዬን ታመጣልኛለች፣ በየቀኑ ገረባዋን ትበላለች። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቀርታብኝ አታውቅም። እኔም ምሳዋን ለሰው ሰጥቼባት አላውቅም። ዛሬ ምን እንዳገኛት እንጃ፣ ገና አልመጣችም። መጥታ ከበላች በኋላ የተረፈውን ትወስዳለህ።»

ሴትየዋ እውነቷን ነው። ዝገቱ ከምንጣፉ አልለቅም አለ፤ ሎሚው ከዛፉ አልወርድም አለ፤ ፍየሉ ከዛፉ ሥር አልነሳም አለ፤ ገረባው ከጆንያው አልወጣም አለ። መላኩም አህያዋን ፍለጋ ወደ ውሃው ቦኖ ሄደ።

አህያዋ ቦኖው ጋ ቆማለች። ጋሪው ከኋላዋ ቆሟል፣ በርሜሎቹ ጢም ብለው ሞልተዋል፣ ሮባ ከጋሪው ሥር ጥላ ላይ ተኝቷል።

«ሮባ፣ ኢፍቱ ውሃዋን እየጠበቀች ነው።»

«አቦ፣ መቆም ወድጄ መሰለህ?» አለ ሮባ ሳይነሳ። «የአህያዋ ጠፍር ተበጥሷል። ያለ ጠፍር ጋሪው እንዴት ይሳብ? ጋሽ ወልዴ ጋ ሰጥቼዋለሁ፣ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ አልሰፋልኝም። ትሄዳለህ? ሂድና አጣድፍልኝ።»

ሄደ እንጂ፤ ምን ምርጫ አለው። ዝገቱ ከምንጣፉ አልለቅም አለ፤ ሎሚው ከዛፉ አልወርድም አለ፤ ፍየሉ ከዛፉ ሥር አልነሳም አለ፤ ገረባው ከጆንያው አልወጣም አለ፤ አህያዋ ካለችበት አልነቃነቅም አለች። ፀሐይዋም ከፍ እያለች ነው።

ጫማ ሰፊው ጋሽ ወልዴ ጠፍሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቁጭ ብለዋል። መላኩ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወስፌያቸውን አሳዩት። ጫፉ ቆልመም ብሏል።

«በዚህ ዓሣ ይጠመድበታል እንጂ ቆዳ አይበሳበትም» አሉት።

«ሌላ ወስፌ የለዎትም?»

«ሌላውን ዓምና ሰበርኩት። እንካ፣ ጉልበት ካለህ ከድር ጋ ወስደህ አስቀናልኝ። እሳት ካላየ አይቃናም።»

ልብስ ሰፊው የጫማ ሰፊውን ወስፌ ይዞ መንገድ ጀመረ፤ እየሄደም ለራሱ ይቆጥራል። ዝገቱ ከምንጣፉ አልለቅም አለ፤ ሎሚው ከዛፉ አልወርድም አለ፤ ፍየሉ ከዛፉ ሥር አልነሳም አለ፤ ገረባው ከጆንያው አልወጣም አለ፤ አህያዋ ካለችበት አልነቃነቅም አለች፤ ጠፍሩ አልሰፋም አለ፤ ወስፌው አልቃናም አለ። አንድ ሎሚ ፈልጎ ስንት ደጃፍ እንደረገጠ ሲያስበው ሳቁ መጣ፣ ግን አልሳቀም።

የብረት ሠሪው የከድር ምድጃ ቀዝቅዟል። ከድር በሩ ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ እናቱ አዴ ኻዲጃ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ እሳት አልነካም» አለ ከድር። «እናቴ ትናንት የዓይኗን ሞራ ኦፕራሲዮን ሆናለች። ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት ሆስፒታል ፋሻው ይፈታላታል። እንዳትንገጫገጭ ብለውኛል፣ ባጃጅ አይሆንም ማለት ነው። ታክሲው ሁሉ ደግሞ ለሠርግ ተከራይቷል። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን እያየሁ ነው። እናቴን እንዲህ አስቀምጬ ወናፍ ብነፋ ደስ ይልሃል?»

«ተወው፣ ሥራህን ሥራ» አሉ አዴ ኻዲጃ። «ሦስት ዓመት ያላየሁ፣ አንድ ቀን ብጨምር ምን እሆናለሁ?» እንዲህ ይበሉ እንጂ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ለመሄድ እንደተዘጋጁ ነው የተቀመጡት።

ከድር ወደ መላኩ ቀና አለ። «መኪና ያለው ሰው አታውቅም?»

አሁን እንግዲህ እዩልኝ። ዝገቱ ከምንጣፉ አልለቅም አለ፤ ሎሚው ከዛፉ አልወርድም አለ፤ ፍየሉ ከዛፉ ሥር አልነሳም አለ፤ ገረባው ከጆንያው አልወጣም አለ፤ አህያዋ ካለችበት አልነቃነቅም አለች፤ ጠፍሩ አልሰፋም አለ፤ ወስፌው አልቃናም አለ፤ ከሰሉ አልቀጣጠልም አለ፤ የፔጆዋም በር አልከፈትም አለ። የበሩ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው? የመላኩ።

መላኩ የአዴ ኻዲጃን ጫማ አየ። ሶሉ በከሰል ጠቁሯል። የከድርን ጫማ አየ፣ እሱማ ከሶሉ አልፎ ጥቁር ነው። «ምንጣፉ ይቆሽሽብኛል» የሚለው ነገር ጥርሱ ድረስ መጣ። እዚያው ጥርሱ ላይ እንዳለ ግን ማክሰኞ ትዝ አለው፤ ይህንኑ ቃል ጋሽ ተካልኝ ደጃቸው ላይ ቢሉት፣ ጽጌም ከበስተኋላው ግድግዳ ተደግፋ እያማጠች ብትሰማው ኖሮስ? መላኩ በራሱ አፈረ። ዋጠውና መኪናዋን ሊያመጣ ሮጠ።

ፔጆዋ በሩ ላይ ስትቆም አዴ ኻዲጃ በልጃቸው እጅ ተመርተው መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ በእጃቸው ዳበሱና ምንጣፍ መኖሩን አወቁ። «የሰው መኪና ነው መሰለኝ፣ ጫማዬን ላውልቅ» አሉ።

«የለም አዴ፣ ከነጫማዎ ይግቡ» አላቸው መላኩ።

ገቡ። መላኩም እንቁላል የጫነ ይመስል ቀስ እያለ ነዳ፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆም ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፋሻው ተፈታ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ፋሻው ሲፈታ ከድር ከሰሉን አቀጣጠለ፤ ከሰሉ ሲቀጣጠል ወስፌው ተቃና፤ ወስፌው ሲቃና ጠፍሩ ተሰፋ፤ ጠፍሩ ሲሰፋ አህያዋ ተነቃነቀች፤ አህያዋ ስትነቃነቅ ገረባው ከጆንያው ወጣ፤ እሷ በልታ ያስተረፈችው ሲደርሰው ፍየሉ ከዛፉ ሥር ተነሳ፤ ፍየሉ ሲነሳ ሎሚው ከዛፉ ወረደ። መላኩም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እትዬ ዘነቡን «እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። እሳቸው «ኧረ ኢፍቱን አመስግን፣ ገረባ የሰጠችህ እሷ ናት» አሉት። ኢፍቱ አህያዋን አለችው፣ ሮባ ጋሽ ወልዴን አለው፣ ጋሽ ወልዴ ከድርን አሉት። ከድር ግን ወደ ማንም አላስተላለፈም። የመላኩን እጅ በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ሎሚው በዝገቱ ላይ ተጨመቀ፣ ጨው ተነሰነሰበት፣ የፔጆዋ በሮች ተከፍተው ፀሐይ ገባባት። የከሰሉ አቧራ በእጅ ሲጠረግ ሄደ፣ ተጨንቀንለት የነበረው እሱ ነው። ሰዎቹ ሁሉ የደከሙበት ነገር መጨረሻ ምን እንደሚሆን ሊያዩ መጥተው ፔጆዋን ከበቧት። መላኩ በነጭ ጨርቅ ሳይፈትግ ጫን ጫን እያደረገ ዝገቱን ወደ ጨርቁ ሳበው። ደግሞ ሎሚ፣ ደግሞ ጨው፣ ደግሞ ጨርቅ። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበና ቀና አለ።

«ለቋል» አለ ሮባ። «ለቋል» አለች ኢፍቱ።

«ቆይ» አሉ አዴ ኻዲጃ። ሐኪሙ የሰጣቸውን ጥቁር መነጽር ከፍ አድርገው አጎነበሱ። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ፤ ማየት እንደገና የጀመረ ሰው አይቸኩልም። ከዚያም የጣታቸውን ጫፍ አንዲት ቦታ ላይ አሳረፉ። «እዚች ጋ የምስር ፍሬ የምታህል ቀርታለች» አሉ።

እውነትም ቀርታለች። የጤነኞቹ ዓይን ሁሉ ስቷታል። መላኩ የመጨረሻዋን ግማሽ ሎሚ እዚያች ላይ አሳረፈ፤ ያኔ ዝገቱ ከምንጣፉ ለቀቀ። መላኩ ተንበርክኮ እንዳለ እንባው መጣ፤ የሎሚው ነው አለ። አዴ ኻዲጃ ደግሞ ፊቱን ትኩር ብለው አዩትና «አንተ ነህ የነዳኸኝ? በድምፅህ ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር» አሉት።

እሑድ ዕለት ፔጆዋ በአበባ ተሸፍና የሠርጉ አዳራሽ በር ላይ ቆመች። ፍቅርተ ልትወርድ ነው። ሠርገኛው ሁሉ ፊቷን ለማየት ይጋፋል። በአንድ በኩል ግን ስድስት ሰዎች በተርታ ቆመዋል፤ እትዬ ዘነቡ፣ ኢፍቱ፣ ሮባ፣ ጋሽ ወልዴ፣ ከድርና አዴ ኻዲጃ። እነሱ ሙሽራዋን አላዩአትም፤ ስድስቱም የቀሚሷን ጫፍ ነው የሚያዩት።

«እነዚህ ሰዎች ምን ወድቆባቸው ነው መሬት መሬቱን የሚያዩት?» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

አጠገባቸው የቆመው መላኩ ነው። እሱም መሬት መሬቱን እያየ ነበር። ጫፉ በምንጣፉ ላይ እየተጎተተ ወጣ፣ ከበሩ ወረደ፣ መሬት ነካ። ነጭ ነው። አዴ ኻዲጃ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ዳር እስከ ዳር ተመለከቱት፣ ከዚያም ከሁሉ ቀድመው እልል አሉ።

እኔም እዚህ ወራጅ ነኝ። በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት፣ የሰው መኪና ነው።