ቆማም ትበላለች

ረድኤት፣ «እቴቴ፣ የመኪናው ዋጋ ሞልቶልኛል፤ ልግዛ ወይስ ልተወው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከአንቺ በፊት አንድ ሰው ጠይቆኝ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ቆም ብዬ ሳላስብ፣ አዋቂ መስዬ መለስኩለት። መልሴ ክፉ ነበር፤ የከፈለበት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ቶሎ አልመልስልሽም። ምሳሌ ልንገርሽ።

አንድ ሰው ነበረ፤ የበርበሬ ነጋዴ። የሚኖረው በአውራ ጎዳና ዳር በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ነው። ሚስት ነበረችው፤ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው እናትም ነበሩት። ይህ ሰው በርበሬውን በሰው መኪና እያስጫነ ብዙ ዘመን ኖረ። ሹፌር ሲያስጠብቀው እየጠበቀ፣ ሲያኮርፈው እየለመነ፣ «አንድ ቀን የራሴ ትኖረኛለች» እያለ ቆጠበ። ገንዘቡ ሲሞላለት ግን ልቡ ፈራና ምክር ፈለገ። ከቤተሰቡ መሐል ትምህርት የዘለቀች አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው፤ ወደ እርሷ ሄደ።

«እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ። ልግዛ?»

«ዋጋው አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ? ዋጋው ያለው ሰው ይገዛል!»

ገዛ። ያገለገለች ነጭ ፒካፕ ነበረች። ግቢ የገባች ዕለት በግ ታረደ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ «የምትጭነው ሲሳይ ይሁን፤ የሄደችበት መንገድ ይቃና» ብለው መረቁ። የመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ስንት ወጣባት? እናቱ ብቻ ሌላ ጠየቁ። መኪናዋን ማየት ስለማይችሉ እየዳበሱ ዞሯት። ገበያ ላይ ከብት እንደሚፈትሽ ሰው አፍንጫዋን፣ ጎኗን፣ እግሯን ዳሰሱና፣

«ልጄ፣ የዓመት ቀለቧስ ስንት ነው?» አሉ።

ግቢው በሳቅ ሞላ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ያቺ የተማረች እህት ናት።

«እማዬ፣ ይቺ እኮ በቅሎ አይደለችም! ካልነዷት አትበላም።»

እናትየውም አብረው ሳቁ። «ካልሽ እሺ። እኔ የማውቃት በቅሎ ግን ቆማም ትበላ ነበር» ብለው ወደ ጥላቸው ተመለሱ።

ሰውየው ቃል ያዘ፤ የእናቱን ሳይሆን የእህቱን።

መጀመሪያ ደስ የሚል ጊዜ ነበር። በርበሬውን በፈለገው ሰዓት ጫነ፤ ለቅሶ የሚደርሰውንም ሠርገኛውንም አደረሰ። ከገበያ የተረፈውን ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ በላው። ዓመቱ ሲዞር ግን መኪናዋ መጠየቅ ጀመረች። ዘይት አለች፤ ጎማ አለች። ለዓመቱ ምርመራ ቀርባ መስታወቷ ላይ ቦሎ የሚለጠፍበት ጊዜ ደረሰ፤ የመድኑም ክፍያ አብሮ መጣ። ከጋራዥ በወጣች በሳምንቷ ተመልሳ ጋራዥ ገባች። ሰውየው በእያንዳንዱ ደነገጠ። ሁሉም ነገር ድንገት የወረደበት መዓት መሰለው። «ዘንድሮ ምን ዓይነት ዕድል ነው!» ይላል እንጂ፣ «ቀለቧን ነው የጠየቀችኝ» ብሎ አያውቅም።

በርበሬ የረከሰ ጊዜ ዘዴ ያገኘ መሰለው። «ካልነዳኋት አትበላም» አለና ግቢው ጥግ አቁሞ ሸራ አለበሳት። ለቆመች መኪና ምን ያደርጋል ብሎ ቦሎዋን ሳያሳድስ ተወው። ሚስቱ በየማለዳው በበር ብቅ እያለች፣ «ሙሽራዋ ዛሬም አልተነሣችም?» ትለው ነበር። እሱም እንዳልሰማ ሆኖ የሰው መኪና ፍለጋ ይወጣል።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። የዓይን ሐኪሞችም በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ዞኑ ሆስፒታል እየመጡ ሞራ የሚገፍፉበት ወቅት ደረሰ። እናቱ ተመዝግበው ተራ አግኝተዋል። «ይህችን ልጅ ጥርስ ሳታበቅል ልያት» እያሉ ቀኑን ይጠብቁ ነበር።

«በአውቶቡሱ እንሂድ፤ በማለዳ ያደርሰናል» አሉ።

«መኪና እያለኝ እናቴ በአውቶቡስ? ሰው ምን ይለኛል!» አለ ልጃቸው።

ጠዋት ሸራው ተገለጠ። ባትሪው ሞቷል፤ ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል። ጎረቤት ተጠርቶ ጎማ ተነፋ፤ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ገፋት። እየተንተፋተፈች ስትነሣ ፀሐይ ወጥታ አውቶቡሱም ሄዶ ነበር። መንገድ እንደ ጀመሩ የትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው።

«ጋሼ፣ ቦሎው የአምና ነው።»

«ቆማ ስለነበር እኮ ነው ወንድሜ።»

«ዛሬ ግን አልቆመችም» አለው ፖሊሱ። ጋቢና የተቀመጡትን እናት አይቶ ከልቡ አዘነ፤ ምርመራ ያላለፈች መኪና ግን ማሳለፍ አልቻለም። እናትና ልጅ መንገድ ዳር ቆመው ሌላ መኪና ጠበቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን እየሸከፉ ነበር። «እማማ፣ የዘንድሮው አልቋል። ለከርሞ ይምጡ» ተባሉ።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ሰውየው ከእናቱ ጎን አቀርቅሮ ተቀመጠ። እናቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

«እኔ ጨለማውን ለምጄዋለሁ። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«እማዬ» አለ እንባው እየቀደመው፣ «ለካ ቆማም ትበላለች።»

«ምን ይደረግ፤ እንስሳ እንዲህ ነው። ቆማም ትበላለች፣ ሄዳም ትበላለች፣ ታማም ትበላለች። አባትህ አዝመራ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የበቅሎዋን ገብስ በስልቻ ይለይ ነበር። ክረምት ቢጠናብን እንኳ ያን ስልቻ አንፈታም። መለየት ያቃተው ዓመት ደግሞ ሸጣት፤ በእግሩ ሄደ። በግም አላረደ፣ አላለቀሰም።»

በማግስቱ ሰውየው ያንን አሮጌ ስልቻ ከቆጡ አወረደ። አቧራውን አራግፎ የበርበሬ ሱቁ ውስጥ ሰቀለው። ከሚስቱ ጋር ተቀምጦም ከዚያ በፊት ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀ፤ ይቺ መኪና በዓመት ምን ትበላለች? ቆማ የምትበላውን ቦሎና መድን አሰቡ። ሄዳ የምትበላውን ነዳጅ፣ ዘይትና ጎማ አሰቡ። ታማ የምትበላውን የጋራዥ ወጪ ገመቱ። ሚስቱም፣ «ደግሞ ታረጃለች እኮ። ለምትተካትም ጥቂት ጣል አድርግ» አለችው። የዓመቱን ወጪ በገበያ ቀናት ቁጥር ሲያካፍሉት፣ ቀለቧ ከአንድ ነጋዴ አቅም በላይ ሆኖ ተገኘ።

ሰውየው ስልቻውን አየው። ቀጥሎ ተነሥቶ እንደ እርሱ መኪና እየለመነ ወደሚያስጭን አንድ ጎረቤቱ ሄደና፣ «ገብሷን እኩል እንለይ፤ ጀርባዋንም እኩል እንጫን» አለው። ጎረቤቱ ምኑም አልገባውም፤ ሲገባው ግን እጁን ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከገበያ ሲመለሱ፣ ገና ወደ ቤታቸው ሳይገቡ፣ ስልቻው ውስጥ ድርሻቸውን ይጨምራሉ። መኪናዋ መጠየቋን አልተወችም፤ ሰውየው መደንገጡን ተወ።

በዓመቱ ሐኪሞቹ ተመልሰው ሲመጡ፣ ቦሎዋ የታደሰላትን መኪና ራሱ ነድቶ እናቱን በማለዳ አደረሳቸው። ሞራው ተገፍፎ፣ በማግስቱ ፋሻው ተፈትቶላቸው ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ሲወጡ ከመኪናዋ ፊት ቆሙ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት እማዬ።»

«ነጭ ናት አላላችሁኝም? ይቺማ አመዳም ናት! በል እጠባት፤ ውኃም ቀለብ ነው።»

ሰውየው እዚያው መኪናዋን ተደግፎ እስኪያመው ሳቀ። ቤት ሲደርሱ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ በእግሯ ቆማ ጠበቀቻቸው።

ረድኤት፣ መኪና የሚገዛ ሰው በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ነው። ዋጋዋ የሚከፈለው አንድ ቀን ነው፤ ቀለቧ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ይመጣል፤ ቆመችም አልቆመችም። አትግዢ አልልሽም፤ መኪና መልካም ነገር ናት፤ ደክመሽበታል። ብቻ ከመኪናዋ በፊት ስልቻሽን ስቀይ። እሷ ሳትመጣ ቀለቧን ከደመወዝሽ እየለየሽ ጥቂት ጊዜ ኑሪ። ስልቻው ሞልቶ ቤትሽ ካልጎደለ በደስታ ግዢ፤ በጉን እኔ አመጣለሁ። ቤትሽ ከጎደለ ደግሞ አብሮሽ የሚለይ ሰው ፈልጊ፤ ወይም ቆዪ። መቆየት ነውር የለውም።

ሰውየው አባትሽ ነው። አያትሽ ዓይናቸው የበራበትን ቀን ስንተርክልሽ አድገሻል፤ አንድ ዓመት የዘገየው ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረሽም። ያ ዓመት የአንቺ የመጀመሪያ ዓመትሽ ነበር። አያትሽ ጥርስ ስታበቅዪ ድድሽን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ዳዴ ስትዪ ድምፅሽን ተከተሉ። ሊያዩሽ ይችሉ ነበር።

ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እህት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።