የእትዬ ብርቄ ቦይ

ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሰማም ለልጁ ያውራ።

ዋርካ ሜዳ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ እትዬ ብርቄ የሚባሉ የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አምና ጎርፍ ማዋለጃ ክፍሉ ገብቶ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በቃሬዛ ተሸክመው ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አሻገሯት። ዘንድሮ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክረምት ሳይገባ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ እንዲቆፈር።

የኤክስካቫተር ነጂው ጌትነት ዘንድ ሄዱ።

«ልጄ፣ ቦይ ቆፍርልን።»

«እማማ፣ መሐንዲሷ ካልፈረመች አልቆፍርም።»

ወደ መሐንዲሷ ወደ ሰላማዊት ሄዱ።

«ልጄ፣ ፈርሚ! አንቺ ካልፈረምሽ ጌትነት አይቆፍርም፤ ጌትነት ካልቆፈረ ጎርፉ አይመለስም።»

«ምክር ቤቱ የቦዩን ቦታ ካልወሰነ አልፈርምም፣ እማማ።»

የምክር ቤቱን ሰብሳቢ አቶ ደርብን ከስብሰባ ሲወጡ ያዟቸው።

«ጋሼ ደርብ፣ ወስኑ እንጂ! እናንተ ካልወሰናችሁ ሰላማዊት አትፈርምም፤ ሰላማዊት ካልፈረመች ጌትነት አይቆፍርም፤ ጌትነት ካልቆፈረ ጎርፉ አይመለስም።»

«ምን ብለን እንወስን? ግማሹ ከጤና ጣቢያው በላይ በኩል ይላል፣ ግማሹ በታች። ኮምፒውተሩ የጎርፉን መንገድ አስልቶ ካላሳየን አንወስንም።»

ኮምፒውተሩ የጎርፍ ስሌት ባለሙያው የፍሬሰንበት ነው። እትዬ ብርቄ ፊቱ ቆሙ።

«ያንን ነገር አናግረው! እሱ ካልተናገረ ምክር ቤቱ አይወስንም፤ ምክር ቤቱ ካልወሰነ ሰላማዊት አትፈርምም፤ ሰላማዊት ካልፈረመች ጌትነት አይቆፍርም፤ ጌትነት ካልቆፈረ ጎርፉ አይመለስም!»

«የመሬቱን ተዳፋት ነግሬዋለሁ፣ የዝናቡንም መጠን ነግሬዋለሁ። ያለፉት ጎርፎች እስከ የት እንደደረሱ ግን የለካ ሰው የለም። የለካ ከሌለ ስሌቱን በምን አመሳክራለሁ?»

እትዬ ብርቄ ሳቁ።

«እኔ አለሁ አይደል!»

ወደ ጤና ጣቢያው ጓሮ ወሰዱት። ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ የምስማር ጭረት አለ። በየክረምቱ ጭቃውን ከማጠባቸው በፊት ውሃው የደረሰበትን ይጭሩ፣ ቀኑንም ይጽፉ ነበር። ፍሬሰንበት እያንዳንዱን በሜትር ለካ።

ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቶ መጀመሪያ የአምናውን ጎርፍ እንዲያሳይ አዘዘው። ሰማያዊው ውሃ ስክሪኑ ላይ ወጣ ወጣና ልክ የአምናው ጭረት ላይ ቆመ። ከዚያ ቦዩን ስክሪኑ ላይ ሣለበት። ቦዩ በታች በኩል ሲሆን ጤና ጣቢያው ሰመጠ። በላይ በኩል ሲሆን ደረቅ ሆነ። ፍሬሰንበት ግን አቀረቀረ።

«እማማ… በእርስዎ ቤት ጓሮ ነው የሚያልፈው።»

ሟች ባላቸው የተከሉት ጌሾ ያለው እዚያ ነው። እትዬ ብርቄ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ተመለከቱ።

«ይለፍ። ጌሾ ሌላ ቦታም ይበቅላል። ወላድ ግን ውሃ ውስጥ አትወልድም።»

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ተናገረ፤ ምክር ቤቱ ወሰነ፤ ሰላማዊት ፈረመች፤ ጌትነት ቆፈረ። ሐምሌ ላይ ጎርፉ እያጓራ መጣ፣ ቦዩ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ! በዚያ ሳምንት ሦስት ሕፃናት በደረቅ ቤት ተወለዱ።

ከዞን የመጡ እንግዶች ቦዩን አይተው ተደነቁ።

«ይህን የቀየሰው ማነው?»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«እኔና ኮምፒውተሩ» አሉ።