ቃጭል የሚፈራው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ከሆዱ በቀር ምንም የማይሠራለት አንድ አያ ጅቦ ነበረ። ይህ ሆዳም የነጋዴ በቅሎ ስትግጥ አየና ከኋላዋ አድብቶ ተጠጋ። በቅሎዋ ደንግጣ ቀና ስትል የአንገቷ ቃጭል ቅጭል አለ፤ ወዲያው በእርግጫ መንጋጋውን አጣመመችው። የመታው የበቅሎ እግር ነው፤ ጅሉ ግን ቂም የያዘው በቃጭሉ ላይ ነው። አይ ጅብ!

ከዚያ ወዲያ ቃጭል በሰማ ቁጥር እግሬ አውጪኝ ይላል። ርቆ ሲሄድ ልቡ ይረጋና፣ «አያችሁ? ባልሸሽ ኖሮ አልቆልኝ ነበር!» እያለ ይኩራራል። በቅሎ አይተው የማያውቁት ልጆቹም ከአባታቸው መሸሽን ተማሩ።

እመት ቀበሮ ይህን አይታ ዝም አላለችም። መንገድ ላይ የወደቀ ቃጭል አንስታ አንገቷ ላይ አሰረች። እነ ጅቦ ጥንብ ባገኙ ቁጥር ቅጭል ቅጭል እያለች ትመጣለች፤ እነሱ ይፈረጥጣሉ፣ እሷ ትበላለች።

የጅቦ ልጆች በረሃብ ጎናቸው ገባ። አንድ ቀን የሞተ በሬ አገኙ። ገና አፋቸውን ሳያሳርፉ፣ ቅጭል! ቅጭል!

«ሩጡ!» አለ ጅቦ፣ እሱ ቀድሞ እየሮጠ። ትንሿ ልጁ ግን መነሳት አቃታት።

«ልጄን ጥዬ የት ልሂድ? ከረገጠኝም ይርገጠኝ!» ብላ ሚስቱ እዚያው ቆመች። ከቁጥቋጦው ቀበሮ ብቅ አለች።

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ እናቲቱ ጥርሷን ብታሳያት፣ ቀበሮ ቃጭሏ ተበጥሶ እስኪወድቅ ድረስ ሮጠች።

«ኧረ ና! ቀበሮ ናት!»

ጅቦ ሸሽቶ ከወጣበት ጉብታ ላይ ሆኖ፣ «ወይ ጉድ! ቀበሮም መራገጥ ጀመረች?» አለ።

«ባዶ ብረት ነው! ይኸው እየው!» ብላ ቃጭሉን ብታነሳለት፣ እሱ ሌላ ጉብታ ተሻገረ።

ልጆቹ ተመልሰው ከእናታቸው ጋር ጠግበው በሉ። አመሻሹ ላይ ጅቦ ሆዱን እያሻሸ መጣ።

«የኔ ድርሻስ?»

«ያውልህ፣ ከቃጭሉ ሥር ቅልጥም አስቀምጬልሃለሁ» አለች ሚስቱ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ያንተ ግን ባሰ። በል ጠጋ በል!»

ጅቦ ቅልጥሙን አየ፤ ቃጭሉን አየ። ከዚያ ምራቁን እየዋጠ ጦሙን አደረ።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዴ ያስደነገጠንን ነገር ቀርበን ሳናየው ዕድሜ ልካችንን ከሸሸነው፣ ፍርሃታችን እየወፈረ እኛ ጦማችንን እንደምናድር ነው።