ለሰስ ማን ጠጠር ይጥላል?

ተረት ይዤ መጣሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ፣ ወሬ ያለው ወደ ኋላ!

በድሮ ዘመን፣ አራዊት ሲያወሩ ቅልና ምንጭ በሚመልሱበት ጊዜ፣ ቀይ ቋጥኝ የሚባል ትንሽ አገር ነበር። ትንሽ ስላችሁ የእውነት ትንሽ ነው። ጥቂት ሽኮኮዎች፣ ጃርትና ቤተሰቡ፣ ጅግራና ጫጩቶቿ፣ ከእነሱም ጋር አንድ ሰስ። በቃ፣ አገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ትልቁ ሐይቅ ይገኛል። እዚያ ደግሞ ማን የሌለ አለ? ጉማሬው፣ ጉሬዛው፣ ዳክዬው፣ አጋዘኑ፣ ከርከሮው፤ ጫጫታቸው ብቻውን አንድ አገር ይሞላል።

ሰስን የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳችሁ። ሰስ ገደል ላይ የሚኖር የሚዳቋ ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ከፍየል አይበልጥም። የሚቆመው በሰኮናው ጫፍ ብቻ ነው። መዳፍ የምታህል ድንጋይ ካገኘ አራቱንም እግሩን ሰብስቦ ያሳርፍባታል። ሲዘልማ አይነገርም! ከመሬት የተነሳ ሳይሆን ከላይ የተሳበ ይመስላል።

በዚያ ዘመን አራዊቱ ሁሉ ያበዱለት ጨዋታ ነበር፤ የቅርጫት ኳስ። ኳሱ ከሣር የተጠቀለለ ነው። ቅርጫቱን ወፎች ናቸው የሚሠሩት፤ ታቹ ክፍት ነው፣ የሚንጠለጠለውም ዋርካ ላይ ነው። በዚህ ጨዋታ ሰስን የሚያክለው አልነበረም። ግን ኳስ ሲያገባ ምን ያደርጋል? ምንም። አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሐይቁ ጉሬዛ ሲያገባ ግን ነጭ ካባውን እያርገፈገፈ ቅርንጫፉ ላይ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ወርዶ እጅ ይነሳል፤ ተመልካቹም «ጉሬዛ! ጉሬዛ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮሃል።

በየዓመቱ በበጋው መግቢያ ከየአገሩ የተመረጡ ኮከቦች ሐይቁ ዳር ትልቁን ጨዋታ ይጫወታሉ። የሚመርጣቸው ተመልካቹ ነው። አመራረጡ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቅል ይቀመጥለታል። እንስሳ ሁሉ አንዲት ጠጠር ይዞ ይመጣና፣ ሁሉም እያየው፣ በወደደው ቅል ውስጥ ይጥላል። ቅሉም «ተቀብያለሁ!» ብሎ ይመልሳል። በዚያ ላይ አንድ የጸና ሕግ ነበር፤ የተመረጠ ኮከብ አገር በጋውን ሙሉ ከሐይቁ ያለ ከልካይ ይጠጣል።

በዚያ ዓመት አንድ ቦታ ብቻ ቀርታ ነበር። ወይ ለጉሬዛ፣ ወይ ለሰስ።

ይህን አስባ ምግብ አልወርድ ያላት እመት ሽኮኮ ነበረች። ሽኮኮ ሲፈጥራት ዘበኛ ናት። ሌሎቹ ፀሐይ ሲሞቁ አንዷ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥታ ንስር እንዳይመጣ ትጠብቃለች። እመት ሽኮኮ ግን ንስር በሌለበትም ትሰጋ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ የምትሰጋበት ነገር አገኘች። አንድ ጠዋት ልትጠጣ ወደ ምንጯ ብትወርድ፣ ምንጯ ጠብ... ጠብ... ትላለች።

«ምንጭዬ፣ ምነው ድምፅሽ ቀጠነ?»

«ደከመኝ፣ እመት ሽኮኮ። ዘንድሮ እስከ ዝናብ አልደርስም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምን ማለቴ ይሆናል? እደርቃለሁ ማለቴ ነዋ!»

ሰስ ከተመረጠ ሐይቁ አለ። ካልተመረጠስ? ካልተመረጠ የጅግራ ጫጩቶች ምን ይጠጣሉ? እመት ሽኮኮ እየሮጠች ወደ ሰስ ሄደች።

«ሰስዬ፣ ልጄ፣ ስታገባ ትንሽ ጮኽ ብትል ምናለበት?»

«ምን ብዬ፣ እትዬ?»

«'እኔ ነኝ!' በላ። ደረትህን ንፋ። ጅራትህን አወዛውዝ።»

ሰስ ዞር ብሎ ጅራቱን ፈለገ። «ይቺን?» አለ። እውነትም የሰስ ጅራት አለች ለማለት ያህል ናት እንጂ የለችም።

«እሺ፣ ጅራቱ ይቅር። እንደው አንድ ነገር አድርግልኝ! ሞቼ እገኛለሁ!»

ሰስ የታላቁን ቃል አይጥስም። በሚቀጥለው ጨዋታ ዘሎ አገባና ቆም አለ። ምን እንደሚያደርግ አሰበ። ከዚያ በኋላ እግሮቹ ቆሞ እየተንገዳገደ «እ... እኔ ነኝ» አለ። እሱ ይህን እስኪል ከርከሮ ኳሱን አንስቶ፣ ባዶውን ሜዳ እያለከለከ አቋርጦ አገባበት።

«እትዬ፣» አለ ሰስ ከጨዋታው በኋላ፣ «እኔ ስጨፍር ማን ይከላከልልኝ?»

አንደኛው መላ ከሸፈ።

ቀጥላ በዚያ ሲያልፍ ያየችውን ቁራ ጠራች። «አያ ቁራ፣ ክፉ አይሁንብህና አፍህ ሰፊ ነው።»

«ሰፊ ነው እንጂ! ማን አለ እንደኔ?»

«እንግዲያው ሐይቁ ዳር ሂድና የሰስን ነገር ንገርልኝ።»

ቁራ በረረ። ዋርካው ጫፍ ላይ ቆመና፣ «ስሙ! ሰስ ሲዘል ደመና ይቀዳል! ሰስ ፀሐይን በቀንዱ ወግቶ ያውቃል! ያን ዕለት የጨለመው በማን ሆነና!» እያለ ለፈፈ።

ዳክዬ ከውሃው ውስጥ ቀና አለች። «እኛ የምናውቀው ሰስ እንኳ ፀሐይ አልወጋም። ኳስ ነው የሚያገባው።»

ሐይቁ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ ሰስን ያየ ሁሉ «ፀሐይ ወጊው! ዛሬ ደግሞ ጨረቃዋን ተዋት እንጂ!» እያለ ይተርበው ጀመር። ቁራ ግን ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

«አበሰርኩሽ! ስሙ በሁሉም አፍ ገብቷል!»

«እውነት? እንዴት ነው የሚያነሱት?»

«እየሳቁ ነዋ!»

እመት ሽኮኮ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ሁለተኛውም መላ ከሸፈ። ምንጯ ደግሞ ጠብ... ካለች በኋላ ለመድገም እየቆየች ሄደች።

የምርጫው የመጨረሻ ቀን ሲደርስ አንድ መላ ብቻ ቀረ፤ እነሱው ራሳቸው። እመት ሽኮኮ የቀይ ቋጥኝን ነዋሪ ሁሉ ሰበሰበች። ምንጯ ያለችውንም ነገረቻቸው።

«ሁላችንም ወርደን ጠጠራችንን እንጥላለን። ሰምታችኋል?»

«እንወርዳለን እንጂ!» አለ ጃርት እሾሁን እያንቀጫቀጨ። «የሰስ ነገር እንዴት ይሆናል?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ጥሩ ነበር። የሰጋ ልብ ግን አርፎ አይቀመጥም። «ደግሞ አደራ፣» አለች፣ «ሰው አገር ሄዳችሁ እንዳታዋርዱኝ። ስግብግብ እንዳንባል። የተሰጣችሁን በምስጋና ተቀበሉ። የራሳችንን ልጅ ስታሞግሱም እንዳልሰማ፣ ነውር ነው!»

የቀይ ቋጥኝ ሰዎችን ማወቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ከይሉኝታ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ጃርቶች አንድ በር ላይ ከተገናኙ «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ዝናብ መጥቶ ይደበድባቸዋል። እየራባቸው «ጠግበናል» ይላሉ፤ እየጠማቸውም «ሞልቶናል»። እንዲህ ላሉት ሰዎች ነው ያንን ምክር የመከረቻቸው።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ እመት ሽኮኮ ቀድማ ወደ ሰስ ቅል ሮጠች። በሹክሹክታም ጠየቀች። «ቅልዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ባዶ ነሽ አይደል?»

«ማን፣ እኔ?» አለች ቅል። «ወገቤ ሊቆረጥ ነው እንጂ! ዳክዬዎቹ ጥለዋል፣ አጋዘኖቹ ጥለዋል፣ ያ ኳስ የነጠቀው ከርከሮ እንኳ ጥሏል። 'አሸንፎ የማይሳለቅብን እሱ ብቻ ነው' እያሉ። ከጉሬዛው ቅል ጋር እኩል ለእኩል ነን። አገርሽ ሲጨመርበት አለቀ በይው!»

እመት ሽኮኮ በደስታ ልትጮህ ስትል አፏን ያዘች። ወገኖቿን ለመጥራት ዞረች። ዞራ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። ጉሬዛ ካባውን አንጥፎ እንግዶቹን እየተቀበለ ነበር።

«እንዴት ከረማችሁ? መንገዱ አደከማችሁ አይደል? በሉ ጥላው ስር አረፍ በሉ። አያ ጃርት፣ በሞቴ፣ ይቺን ሾላ ቅመስልኝ!»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

«በእኔ ሞት!»

ጃርት ሾላውን በላ። ጅግራም በላች፣ ጫጩቶቿም ለቃቀሙ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጉሬዛ እንግዳ ሲያይ ደስ የሚለው ፍጡር ነው። ግን የበሉትን ሾላ ገና ሳይውጡት፣ ባለሾላው ከቅሉ አጠገብ ቆሞ ፈገግ እያለ እያያቸው፣ ማን ነው በፊቱ አልፎ ለሌላ የሚጥል? ጃርት ጠጠሩን ያዘና ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። «ለሰስ ሌሎቹ ይጥሉለታል፣ የእኔ አንድ ጠጠር ምን ይጎድልበታል?» ብሎ በልቡ አሰበና በጉሬዛው ቅል ውስጥ ጣላት።

«ተቀብያለሁ!» አለ የጉሬዛ ቅል።

ጅግራ ተከተለች። እሷም በልቧ «ሌሎቹ አሉለት» አለች። ቀጭ! «ተቀብያለሁ!» ሽኮኮዎቹ አንድ በአንድ። ቀጭ! «ተቀብያለሁ! ኧረ ተቀብያለሁ!»

«ተዉ! ምን ነካችሁ?» ብላ እመት ሽኮኮ እየተንሾካሾከች ብትቆጣ፣ ጃርት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «አንቺው አይደለሽ 'አታዋርዱኝ' ያልሽው?»

ያን ጊዜ ሰስ ከኋላ መጣ። እመት ሽኮኮ ዓይኗን ተከለችበት። እሱ እንኳ ለራሱ ይጥላል! ሰስ በሰኮናው ጫፍ ቀስ እያለ ከራሱ ቅል ፊት ደረሰ። አለፋት። ጠጠሩን ለጉሬዛ ጣለ።

«ሰስ!»

«ለራሴ እንዴት እጥላለሁ፣ እትዬ?» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እናንተ ሁላችሁ አላችሁልኝ ብዬ ነው።»

የቀረችው እመት ሽኮኮ ብቻ ነበረች። ጉሬዛ ቀይ ሾላ መርጦ ዘረጋላት። «እመት ሽኮኮ፣ እንቺ እንጂ!» አገሩ ሁሉ ያያታል። «ይቅርታ አያ ጉሬዛ፣ ዛሬ አልበላም» አለችና ወደ ሰስ ቅል ሄዳ ጠጠሯን ጣለች።

«ተቀብያለሁ!» ብላ ቅል ጮኸች። «ከአገሩ ሰው የመጀመሪያዋ!»

«ኧረ እመት ሽኮኮ፣ ምነው አዋረድሽን?» አለች ጅግራ ፊቷን በክንፏ ሸፍና።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አባ ጉማሬ ከውሃው ወጡ። ዳኛው እሳቸው ናቸው። አንድ ረጅም ዘንግ መሃሉ ላይ በገመድ አንጠልጥለው፣ በአንደኛው ጫፍ የጉሬዛን ቅል፣ በሌላው የሰስን ቅል አሰሩ። ዘንጉ ተወዛወዘ። ወደ ሰስ አጋደለ። ወደ ጉሬዛ አጋደለ። እንደገና ወደ ሰስ... ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ የጉሬዛ ቅል ወርዶ መሬት ነካ።

«ጉሬዛ!» አሉ አባ ጉማሬ። ሐይቁ በጩኸት ተናጋ።

ዳክዬ ግን ወደ ቀይ ቋጥኝ ሰዎች እየተወዛወዘች መጣች። «እናንተ፣ እኛ ባዕዶቹ ሰጠነው እኮ! የገዛ ልጃችሁን ምን ቢያደርጋችሁ ነው?»

ጃርት መሬት መሬት አየ። ጅግራ ጫጩቶቿን ትቆጥር ይመስል አጎነበሰች። እመት ሽኮኮ ግን ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጣች። ንስር ሲመጣ በምትጮህበት ድምፅ ጮኸች።

«አባ ጉማሬ! ምንጫችን እየደረቀ ነው! ውሃ እንፈልጋለን!»

«ዝም በይ፣ ገመናችንን አታውጪ!» አለ ጃርት እየተሽቆጠቆጠ።

«አልልም! ዝም ስንል ያተረፍነውን አየነው!»

አባ ጉማሬ ጆሯቸውን አርገበገቡ። «ደርቋል? ባለፈው መንገደኛ ሲጠይቃችሁ 'ሞልቶናል' አላላችሁም?»

«ብለናል። ዋሽተን ነው።»

«ሕግ ሕግ ነው፣» አሉ አባ ጉማሬ። «ያለ ከልካይ የሚጠጣው የተመረጠው አገር ነው። ለለመነ ግን ተራ አለው። ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ፣ በቀትር፣ አዞው በሚያደባበት በኩል ያለውን ዳርቻ ልሰጣችሁ እችላለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ያን በጋ የቀይ ቋጥኝ ሰዎች እንዲያ ከረሙ። ሐሩሩ ድንጋይ ሲሰነጥቅ ይወርዳሉ፤ የደፈረሰውን ውሃ ይጠጣሉ። እመት ሽኮኮ ድንጋይ ላይ ሆና አዞውን ትጠብቃለች። ሰስም ከእሷ ጎን ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቀን ሁለቱም እያዩ፣ እየጮኹ፣ አዞው ከጅግራ ጫጩቶች አንዷን ወሰደ። ጅግራ አላለቀሰችም። «ሌሎቹ ይጥሉለታል ብዬ ነበር» አለች፣ ያንኑ እየደጋገመች። ጃርት ሊያጽናናት ከጎኗ ተቀመጠ፤ የእሱም ጠጠር ግን ከእሷ ጠጠር ጋር በአንድ ቅል ውስጥ ነበረች።

ሰስ ዛሬም ድረስ ሲያገባ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል ይባላል። እሱ አልተለወጠም፤ መለወጥም አልነበረበትም። መለወጥ የነበረበት ሌላ ነው።

ተረቴ ከእኔ ወጥቶ ከእናንተ ገብቷል፤ ፍቺውን ያላገኘ ካለ እነሆ፦ ጎበዝ ዝም ቢል ያምርበታል፤ ወገኑ ዝም ሲል ግን ቅሉ ይቀልበታል።