በራሪ ወረቀት

ለሽርሽር በወጣች ትልቅ መርከብ ላይ አንድ ሳህን አጣቢ ከወረቀት ካይት ሠርቶ ወደ ሰማይ ለቀቀ። ካይቱ ሽቅብ ሲወጣለት ደስ እያለው ሳለ፣ የገዛ ጥላቸውን የሚጠረጥሩት ሹም አቶ ደርበው ወረቀቱ ላይ ጽሑፍ አዩና ደማቸው ፈላ።

«በራሪ ወረቀት ትበትናለህ?» አሉት።

«ኧረ አልበተንኩም ጌታዬ፤ በክር ይዤዋለሁ።»

«አንተማ መጻፍ የት ታውቃለህ። የጻፈውን ሰው ንገረኝ፤ ዛሬውኑ ይታሰራል።»

«ማንም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን።»

አጣቢው ክሩን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ወረቀቱን ዘረጋላቸው። «እንግዲያው ክቡርነትዎ ይታሰሩ። ትናንት እራት ላይ ያነበቡልን ንግግር ነው። ለካይት የሚሆን ወረቀት ስፈልግ የምግብ ዝርዝሩ እንኳ ከበደብኝ፤ እንደ ንግግርዎ የቀለለ አላገኘሁም።»