ጭላዳ የታቀፈው ጋን

ተረት ላውራችሁ። ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ እንቅልፍ የመጣበት ደግሞ ወደ ግድግዳው ይሂድ፣ መሐል ገብቶ አያንኮራፋብኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ ጎረቤት ሆኖ እሳት ሲጫጫር በነበረበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንዲት ጃርት ነበረች። እመት ጃርት ይሏታል። ጠላ ጠማቂ ናት። ጋኗን በግራዋ ቅጠል አጥባ፣ በወይራ ጭስ አጥና፣ ጌሾዋን ራሷ ወቅጣ የምትጠምቀው ጠላ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ... ብቻ ተዉት፣ ምራቄን አታስውጡኝ።

አንድ አመል ግን ነበራት። እንግዳ ገብቶ ሽክናውን ሲዘረጋ፣ ገና ሳትቀዳ አንገቷን ደፋ ታደርግና «ዛሬ እንኳ አልሆነልኝም፣ ይቅር በሉኝ» ትላለች። ጠላው ጠርቶ ፊት ቢያሳይም «ዛሬ እንኳ አልሆነልኝም» ነው። እሾኋን ሁሉ ወደ ኋላ ታጋድመዋለች፣ ምስኪን።

እንግዳ ደግሞ ታውቁት የለ፤ ጉድለት ፈልግ ካሉት አያጣም። አያ ጅቦ ሽክናውን ጥርግ አድርጎ ይጠጣል፤ ደግሞ ያስቀዳል፣ እሱንም ይጨልጣል። ከዚያ አፉን እየጠራረገ «እውነትሽን ነው እመት ጃርት፣ ጌሾ በዝቶበታል» ይላል። ይህን ብሎም ሽክናውን መልሶ ይዘረጋል። እንዲህ ሲባል ሲባል በአገሩ ሁሉ «ጃርት ጠላ አይሆንላትም» የሚል ወሬ ተዛመተ።

በዚያው አገር ገደል አፋፍ ላይ አያ ጭላዳ ይኖር ነበር። ጋማው ትከሻው ላይ እንደ ካባ የሚወርደው ዝንጀሮ ነው እኮ። ያን ጊዜ ደረቱም ጠጉር በጠጉር ነበር። ሥራ አይወድም፣ መወደስ ይወዳል። አንድ ቀን ባዶ እንስራ አዝሎ መጣና ጠላዋን ቀመሰ። ዓይኑ በራ፤ ፊቱን ግን ቶሎ አጨማደደ።

«እመት ጃርት፣ ይህን ለሰው ልትሰጪ ነው?»

«ዛሬ እንኳ አልሆነልኝም፣ ይቅር በለኝ።»

«ተይ፣ ስምሽ ይጠፋል። አምጪው፣ እኔ ወስጄ ገደል ልድፋልሽ። ጎረቤት ለመቼ ነው?»

እሷም አመስግና ሞላችለት። አዎ፣ አመስግና ነው ያልኳችሁ። አያ ጭላዳ እንስራውን ይዞ ከተራራው ማዶ ተሻገረና እንግዳ ጠራ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና «እጄ ይባረክ፣ እንዲህ ያለውን እናቴም ጠምቃ አታውቅ» አለ። እንግዳውም ጠጥቶ «ወይ የጭላዳ እጅ» እያለ አደነቀ። አያ ጅቦማ እንባው መጣ። ከዚያ ወዲያ ጭላዳ አመል አደረገው፤ በመጣ ቁጥር «ገደል ልድፋልሽ» ይላል፣ እሷም ትሞላለታለች።

ታዲያ አንድ ቀን አያ ጅቦ ከማዶ ሲመለስ በእመት ጃርት ደጅ አለፈ። «እስቲ ይህን ቅመሽና ከጭላዳ ተማሪ» ብሎ በቅል የያዘውን ሰጣት። ቀመሰችው። ያው የራሷ የወይራ ጭስ፣ ያው የራሷ ብቅል። እናት የልጇን ድምፅ እንደምትለይ ነው የለየችው። ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባት አለ።

ሄዳ ለእማማ ኤሊ ነገረቻቸው፤ ያረጁ ጎረቤቷ ናቸው።

«ጠላው አንድ ነው እማማ። እሱ ዘንድ ሲሆን ይጣፍጣል፣ እኔ ዘንድ ሲሆን ጌሾ ይበዛበታል። ምን አድርጌ ነው?»

«እሱ ሲቀዳ ምን ይላል?»

«እጄ ይባረክ ይላል።»

«አንቺስ?»

እመት ጃርት እሾኋን ወደ ኋላ አጋደመች።

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፣ ልጄ። በይ እኔ ልተኛ፣ አንቺ ጥመቂ» አሉና ራሳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

ብዙም ሳይቆይ ከንጉሡ ከአንበሳ ዘንድ አዋጅ ተነገረ። «ልጄን ልድር ነው። ጠማቂ የሆነ ሁሉ ከሠርጉ በፊት ጠላውን ይዞ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣው ጀምሬ እቀምሳለሁ። ያረካኝ የጋን ቤቴ አለቃ ይሆናል» ይላል። አገር ሁሉ የጭላዳን ስም ጠራ፤ የጃርትን ያነሣ የለም። እሷ ግን ሹመቱን ፈለገችው። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚህ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ትልቁን ጋን አወጣች፣ አጠበች፣ አጠነች፣ ጌሾና ብቅሏን ጨምራ ጠነሰሰች።

አያ ጭላዳ እንደ ልማዱ መጣ። «ገደል የሚደፋ የለም?»

«የለም። ይህ የኔ ነው። ንጉሡ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ።» ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«አንቺ? ምን ልትያቸው ነው? ዛሬ እንኳ አልሆነልኝም ልትዪ?» እየሳቀ ወጣ።

ወጣ እንጂ አልሄደም፤ ቁጥቋጦ ሥር ተሸጎጠ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ስትወርድ ተመልሶ ገባ። ጋኑን ቢያየው አረፋ ደፍቋል፣ ጌሾው ይሸታል፣ ጭሱ ያውዳል። «ደርሷል» አለ። ሲጠጣ እንጂ ሲጠምቅ ያልኖረ ፍጡር ጥንስስን ከጠላ በምን ይለየው? የተቆላውና የበሰለው እህል፣ እንኩሮው፣ ገና አልገባበትም፤ አልተደፈደፈም፣ አልተመረገም። እሱ እቴ፣ ማን ይቅደመኝ ብሎ ጋኑን ደረቱ ላይ አጣብቆ ዳገቱን ተያያዘው።

እመት ጃርት ስትመለስ ጋኑ በነበረበት ቦታ ክብ እርጥበት ብቻ አገኘች። እያለቀሰች እማማ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«ሄጄ የኔ ነው ብል ያልደረሰ ነገር ነው፣ አገር ይስቅብኛል። ዝም ብል ጋኔም እህሌም ሹመቱም ሄደ።»

«ጋኑ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያ ሂጂና እሱኑ በይ።»

እንባዋን ጠረገች። ለጋኑ ያዘጋጀችውን እንኩሮ በአቁማዳ ተሸክማ ተከተለችው።

የንጉሡ ግቢ ጢም ብሏል። ጭላዳ መሐል ቆሞ «እንዲህ ያለውን እናቴም ጠምቃ አታውቅ» እያለ ይፎክራል። የአገሩ ደንብ ደግሞ ቀጂው ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ላሰ። ዓይኑ ተገለበጠ። «ግ... ግሩም ነው» ብሎ እንደምንም ዋጠው። አያ ጅቦ ቀድሞ ሽክናውን ጨለጠና ሆዱ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ንጉሡ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ፤ ጋማቸው ቆመ።

«ይህን የጠመቀ ማን ነው?»

አያ ጭላዳ ከጋኑ ሸሸት አለ። «እኔ አይደለሁም ጌታዬ። የጃርት ነው። ሁልጊዜም የጃርት ነው፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ እንጂ መች ጠምቄ አውቃለሁ?»

አያ ጅቦ ሆዱን እንደያዘ ቀና ብሎ «ሁልጊዜም?» አለ። ጭላዳ አፉን በእጁ ከደነ፤ ምን ያደርጋል፣ አንዴ አምልጦታል።

ሁሉም ዞሮ በር ላይ የቆመችውን ጃርት አየ። ወደ ፊት መጣች። «ዛሬ እንኳ...» ብላ ጀመረች፤ አፏ ለምዶት ነው። ከዚያ አንገቷን አቀናች። እሾኋ ተራ በተራ ቆመ።

«አዎን ጌታዬ፣ የኔ ነው። ጠላ ግን አይደለም፣ ከቤቴ የተሰረቀ ጥንስስ ነው። ጥንስስ ይመራል፤ ባይመር ነበር የማፍረው። እንኩሮዬን ይዤ መጥቻለሁ። እዚሁ ፊትዎ ልደፍድፈው፣ ልምረገው፤ ደርሶ ካላረካዎት ጋኑን በእኔው ራስ ላይ ይስበሩት።»

ንጉሡ አተኩረው አዩዋት። «ውሃውን ማን ይቀዳልሽ?»

«ጭላዳ። ተሸካሚ ነኝ ብሏል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ንጉሡም ፈቀዱ። እመት ጃርት ደፈደፈች፣ በውሃ ሞላች፣ የጋኑን አፍ መረገች። ጭላዳ ሸካራውን እንስራ ደረቱ ላይ ታቅፎ ከወንዝ ግቢ፣ ከግቢ ወንዝ ተመላለሰ። በተመላለሰ ቁጥር እንስራው ደረቱን ይፍቀዋል፣ ጠጉሩን ይነቅለዋል። እንግዳውም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ የጋኑ አፍ እስኪከፈት እዚያው ሰፈረ።

ጠላው ሲደርስ እመት ጃርት ምርጊቱን አነሣች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ሰዉ ሁሉ ያችን የለመዳትን ንግግር ጠበቀ።

«ደርሷል» አለች። «ጠጡ።»

ንጉሡ ጠጡና ዋንጫቸውን መልሰው ዘረጉ። አያ ጅቦ ደግሞ ጨለጠና «ጌሾው...» ብሎ ሲጀምር የቆመውን እሾኋን አየ። «ጌሾው ልክ ነው» አለ።

«እሱንስ አውቃለሁ» አለች፣ እየቀዳችለት።

እንዲህ ሆነና እመት ጃርት የጋን ቤት አለቃ ተባለች፣ ሠርጉም በእሷ ጠላ ተደገሰ። የአያ ጭላዳ ደረት ግን ጠጉር መልሶ አላበቀለም። ካላመናችሁኝ ገደሉ አፋፍ ሄዳችሁ እዩት፤ ዛሬም ቀይ መላጣ ነው።

እኔ ተረቴን ቀድቻለሁ፣ ሽክናዬን መልሱልኝ። ስትጨልጡም ይህችን አትርሱ፦ ጋን የታቀፈ ሁሉ ጠማቂ አይባል፤ የጠመቀም እጁን አያቃልል።