ጭራቁና የትጓደድ ጧፍ

ተረቴን ጀመርኩ፤ የፈራ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ!

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ብርሃን የሚጠላ አንድ ክፉ ጭራቅ ነበር። ብርሃን ዓይኑ ላይ ከበረታ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ረጅም ዋሻ ውስጥ፣ ከጥጉ ተወትፎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን የትንሿን ልጅ የትጓደድን ታናሽ ወንድም አየልኝን ነጥቆ ገባ።

መንደርተኛው ፈርቶ፣ ከዋሻው አፍ ራቅ ብሎ እንጨት ከመረና ለኮሰ። ነበልባሉ ዛፍ አከለ። ጭራቁ ግን ከጥጉ ሆኖ ሳቀ። «ሙቁት! እኔ ጋ የሚደርሰው ጭላንጭል ነው። ልጁን ሲመሽ እበላዋለሁ!»

የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹም እንግዳው፣ «እንጨት ጨምሩ!» አሉ። ጨመሩ። ጭራቁ ወይ ፍንክች! ከመንደርተኛው አንድም የቀረበ የለም፤ ፈሪ ሁላ!

የትጓደድ እናት ጥጥ ስትፈትል ክሩ አልታይ ካላት ሌላ መብራት አትለኩስም፤ ያቺኑ ኩራዝ ወደ ጉልበቷ ሳብ ታደርጋለች። ትጓደድ ይህን አይታለች።

«አባባ፣ ብርሃን ሲርቅ ይሳሳል፤ እንቅረብ እንጂ!»

«ዝም በይ፣ አንቺ ጡት ያልጣልሽ!» አሏት ጭቃ ሹሙ።

አንዲት ጧፍ ከእሳቱ ለኩሳ ሾልካ ገባች።

«ማነሽ?» አለ ጭራቁ።

«ትጓደድ ነኝ። ወንድሜን መልስ!»

«መብራትሽ የጤፍ ፍሬ ታክላለች! ቅረቢ፣ ልሰልቅጥሽ!»

ቀረበች። መሬቱ ላይ የሰው አጥንት ታያት።

«ማነሽ?»

«ትጓደድ ነኝ። ወንድሜን መልስ!»

«መብራትሽ የሽምብራ ፍሬ አከለች! ቅረቢ፣ ልሰልቅጥሽ!»

ቀረበች። አሁን ጥርሱ ታያት፤ በጥርሱ መሃል የተሰነቀረው ፀጉርም ታያት። እኔን! ማልቀስ አማራት፣ ግን ጧፏን በመዳፏ ከለል አድርጋ ቀረበች። ጭራቁ እጁን ዘረጋ።

«ማ... ማነሽ? መብራትሽ ላይ ምን ጨመርሽባት?»

«ምንም! ያችው ጧፍ ናት፤ የቀረብኩት እኔ ነኝ!»

ብላ መዳፏን አነሳችና ጧፏን ዓይኑ ሥር ደቀነችው። አቤት ጩኸቱ! ሽፋሽፍቱ ደረቀ፣ አፉ ደረቀ፣ የተዘረጋው እጁ ደረቀ፤ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ትጓደድ አየልኝን ከጉያው መንጭቃ አወጣችው።

ደጅ ሲደርሱ ጭቃ ሹሙ አሁንም፣ «እንጨት ጨምሩ!» ይላሉ። እናትየው ሁለቱንም አቅፋ እሪ አለች።

ትጓደድ ወደ እሳቱ ዞረች። «አባባ፣ ያን ሁሉ እንጨት ከምትማግዱ አንዳችሁ ብትገቡ ምን ነበረበት?»

እሳቱ ብቻ ተንጣጣ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ የሰማ፣ ላልሰማ ፈሪ ይንገር!